አማቴ የሚቆሙባቸው አራት ቦታዎች

በእኛ አገር ሰላምታ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። «እንደምን አደርክ» ብላችሁ ብቻ ካለፋችሁ ግማሹን ነፍጋችሁት እንደሄዳችሁ ይቆጠራል። ቤቱ እንዴት ነው፣ ያቺ ጊደር ወለደች ወይ፣ የእናትህ ወገብ ተሻለው ወይ፣ ውሃው ከማሳህ ወረደልህ ወይ ብሎ ሁሉንም ማዳረስ ያስፈልጋል። ከዚያ ደግሞ ያኛው በተራው የእናንተን ይጠይቃል። በመካከሉ ፀሐይ መንገዷን ትቀጥላለች። ቸኩሎ ያለፈ ሰው ወይ ሰው ሞቶበታል ወይ ኮርቷል፤ ሦስተኛ ምክንያት ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም። ቆሞ የሚያዋራን ሰው ግን «ለምን ቆምክ?» ብሎ የሚመረምረው የለም። ትሑት ነው ተብሎ ያልቃል።

እኔም አንድ ሰው ለምን እንደሚቆም እስካውቅ ድረስ እንደ አገሩ ሁሉ እንዲሁ አስብ ነበር።

ያ ሰው አማቴ ናቸው፣ የባሌ አባት። ምራት የአማቷን ስም አፍ ሞልታ አትጠራም፤ ብዕሩም የምራት ብዕር ነውና እኔም አልጽፈውም። እኔ «አባዬ» እላቸዋለሁ፣ ባለቤታቸውን ደግሞ «እትዬ»። ከወረታ ወደ ርብ ወንዝ በሚወርደው ሜዳ ላይ ከብት አላቸው ከሚባሉት አንዱ ናቸው። የፎገራ ላም እንደምታውቋት ለጥጃዋም ለእኛም አድርሳ የሚተርፋት ናት። ስለዚህ በእኛ ቤት ቅቤው ወጥ ውስጥ አይገባም፤ ወጡ ነው ቅቤው ውስጥ የሚገባው። አባዬ ከጾም በቀር ይህን ሥርዓት ሲያጓድሉ አልታዩም። ወረታ ቢሉ ይፋግ፣ ገበያ የሚወርዱት በበቅሎ ነው። በእግራቸው የሚሄዱት እሑድ እሑድ ወደ ሚካኤል ብቻ ነው።

እኔ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ ከኋላቸው እከተላለሁ። ከአራተኛ ክፍል አስወጥተው ሲድሩኝ ትምህርቱ ቀረ፣ መቁጠሩ ግን አብሮኝ መጣ። ከኋላ የሚሄድ ሰው ደግሞ ከመቁጠር ሌላ ምን ሥራ አለው? እናም ቆጠርኩ። አባዬ ከቤት እስከ ሚካኤል አራት ጊዜ ይቆማሉ። መጀመሪያ ዋርካው ሥር፣ ቀጥሎ ቦዩ መሻገሪያ ላይ፣ ሦስተኛ የሸማኔው የካሳ ደጅ፣ አራተኛ የቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ። እዚያ ያገኙትን ሰው አንዱንም ሳያስቀሩ ይጠይቁታል። የተጣላ ሰው ሽማግሌ ፍለጋ አይደክምም፤ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል። ሸማኔ ደጅ ላይ ባለከብት ሲቆም ደግሞ አይታችሁ ታውቃላችሁ? የጠገበው ሁሉ ሥራውን እየለበሰ ደጁን በዝምታ ነው የሚያልፈው። «እኒህ ሰው እንዴት ያለ ትሕትና ነው የሰጣቸው!» ይላል አገሩ።

አንድ የሐምሌ እሑድ ግን ዝናቡ ሌሊቱን ሲያወርደው አድሮ መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ አልነበረም። ዋርካው ሥር ደረስን። አባዬ ቆሙ። ማንም የለም። አንድ ወይፈን ብቻ ከግንዱ ጋር ታስሯል። ከኋላ መሆኔን ያውቃሉና ዝም ብሎ መቆሙ አላማራቸውም።

«የማን ነህ አንተ? ደኅና ሰንብተሃል?» አሉት ወይፈኑን።

ወይፈኑ እግዚአብሔር ይመስገን አላለም። እኔ ግን እጃቸውን አየሁ። ጎንበስ ብለው ግራ ባታቸውን ጭምቅ አድርገው ይዘዋል።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ እግራቸውን ሳጥብ ልብ ብዬ ማየት ጀመርኩ። እግር ማጠብ የምራት ድርሻ ነው፤ ቀና ብሎ ፊት ማየት ነውር ቢሆንም እግርን ማየት የሚከለክል የለም። ቀኙ እንደ ማንኛውም የሰው እግር ሞቅ ያለ ነው። ግራው ቀዝቃዛ። ቅልጥሙ እንደ ተላጨ ራስ ያብለጨልጫል፣ አንድ ጠጉር የለበትም። በአንድ ገበታ ውስጥ የሁለት ሰው እግር የማጥብ ይመስለኝ ነበር። ይባስ ብሎ ሰኔ ላይ እሾህ የወጋው የግራ እግር አውራ ጣታቸው መስከረም ጠብቶም አልሻረም። ጠርዙ መጥቆር ጀመረ።

ለእትዬ ነገርኳቸው። እትዬ ዋንዛዬ ፍል ውሃ ወሰዷቸው። ሰባት ቀን ተነክረው ፊታቸው ወዝቶ፣ ወጣት መስለው መጡ። ግራ እግራቸው ግን ከበቅሎ ሳይወርዱ ቀዝቅዞ ነበር።

ጥቅምት ላይ ባሌ በግድ ወረታ ጤና ጣቢያ፣ ቁስል አካሚው ድሬሰር ዘንድ ወሰዳቸው። ቁስሉን የማጥበው እኔ ነኝና ተከትዬ ሄድኩ። ድሬሰሩ ገና ጢሙን በቅጡ ያላወጣ ወጣት ነው፤ እጁ ግን አይቸኩልም።

«ሲሄዱ ባትዎን ይይዝዎታል?» አለ።

«አይይዘኝም።»

«በመንገድ ላይ ይቆማሉ?»

«እኔ የምቆመው ለሰው ነው» አሉ አባዬ ኮራ ብለው።

ድሬሰሩ ወደኔ አየ። እኔ ልጄን ያቀፍኩ መስዬ በጀርባዋ በኩል አራት ጣት አወጣሁ።

ከዚያ ጣቴን በራሴ እግር ጀርባ ላይ አሳረፈው። ትር ትር ይላል። በአባዬ ቀኝ እግር ላይ አሳረፈው። ይላል። በግራው ላይ አሳረፈው። ዝም።

«ቦይ ደለል ሲሞላው አይታችሁ ታውቃላችሁ?» አለን። ፎገራ ተወልዶ ይህን ያላየ ሰው ያለ ይመስል። «ከልብ ደም የሚመጣበት ሥርም እንደ ቦይ ነው። ዕድሜና ስብ ከውስጥ እየተለጠፈ ያጠበዋል፤ ግድግዳውም ይጠጥራል፣ ይደርቃል። ለተቀመጠ እግር የምትደርሰው ደም ትበቃዋለች፣ ለሚሄድ እግር ግን አትበቃም። ሲሄዱ የሚይዝዎት፣ ሲቆሙ የሚለቅዎት ለዚህ ነው። ቁስሉም የማይሽረው ለዚህ ነው።» የጠጠረው መልሶ እንደማይለሰልስ፣ ነገር ግን ቁስሉ ከደረቀ በኋላ እስኪይዛቸው እየሄዱ፣ ቆመው እያሳረፉ፣ እንደገና ቢሄዱ ደሙ እንደ ውሃ በጎን በጎን መተላለፊያ እንደሚያበጅ ነገረን። በቅሎዋ ትቅር፣ ቅቤና ጮማ ይቅር አለ። ካልሆነ ጣቱ ይቆረጣል፣ እግሩም ሊከተል ይችላል። ያው ሥር ወደ ልብም ወደ ራስም ስለሚሄድ ዛሬ እግር ላይ የተናገረ ነገር ነገ ደረት ላይ ሊናገር ይችላል።

ይህን ሁሉ ሰምተን ተመለስን። እትዬ ደጅ ላይ ተቀበሉን።

«ምን አለ?»

«ደም ሥርህ ደርቋል ነው የሚለው» አሉ አባዬ።

አለቀ። ከዚያ ሁሉ ትምህርት ውስጥ አንዲት ቃል ብቻ በበቅሎ ተጭና ቤት ገባች።

«እሱ ነው እንዴ!» አሉ እትዬ፣ ፊታቸው በራ። «የደረቀ ነገርማ ምን እንደሚደረግ ማን አጣው!» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

እንዳትስቁባቸው። ጠፍር ሲደርቅ ምን ይቀባል? ቅቤ። ራስ ሲደርቅስ? ቅቤ። የአራስ ገላ፣ የሕፃን አፍንጫ፣ የቆዳ ስልቻ፣ በእኛ ቤት የደረቀ ነገር ሁሉ በቅቤ ሲለሰልስ ኖሯል፤ ደም ሥር ምን የተለየ ዘር ሆኖ ነው የማይለሰልሰው? እኔም ድሬሰሩን ባልሰማው ኖሮ ቅቤውን የማነጥረው እያንጎራጎርኩ ነበር። እናም ከረቡዕና ዓርብ በቀር በየጠዋቱ አንድ ዋንጫ የቀለጠ ቅቤ ለአባዬ ታዘዘ። በፊት ወጥ ላይ ነበር ችግሩ፤ አሁን ወጡ ቀርቶ ቅቤው ለብቻው መጣ።

ወተቱን የምገፋው እኔ፣ ቅቤውን የማነጥረው እኔ፣ ዋንጫውን የማቀርበው እኔ። ማታ ደግሞ ያንን የሚጠቁር ጣት የማጥበው እኔ። «እትዬ ተሳስተዋል» ማለት ለምራት እንዴት እንደሚከብድ ያገባች ታውቀዋለች። አፌ እንቢ ሲል እጄ ጀመረ። ዋንጫውን በተልባ እየሞላሁ ቅቤውን ላዩ ላይ ብቻ ማንሳፈፍ ጀመርኩ። አባዬ ይጠጡታል፤ ምንም አይሉም። ጎረቤት ግን አፍንጫ አለው። «የዚያ ቤት ምራት እጇ ቋጣሪ ነው አሉ» መባል ተጀመረ። ቅቤ በሞላበት ቤት፣ ያውም የታመመ አማት ላይ! ከሌባ ቢቆጥሩኝ ይሻል ነበር።

የነቢያት ጾም እስኪገባ ቀን እቆጥር ጀመር፤ ጾሙ ያወጣኛል ብዬ። እትዬ ግን ቀደሙኝ። «ለበሽተኛ ይፈቀዳል፤ ነገ የነፍስ አባታችንን አስፈቅዳለሁ» አሉ። ጾም የሚያስጥል ቅቤ! የመጨረሻዋ አጥሬ ተነቀለች።

ያን ማታ ከጓሮ አንድ ውስጡ ክፍት የሆነ መቃ ቆረጥኩ። አንዱን ጫፉን በጭቃ ደፍኜ የቀለጠ ቅቤ ሞላሁበትና ግድግዳው ላይ አቆምኩት። የኅዳር ብርድ የቀረውን ሠራልኝ። ጠዋት ጭቃውን አነሣሁ።

እትዬ ያን ቀን ዋንጫውን ራሳቸው ቀምሰውት ኖሮ፣ ባሌና አባዬ ባሉበት ጠሩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ይህ ተልባ ነው። ቅቤው የት ገባ? በእኔ ቤት ቅቤ ጠፋ ልታሰኚኝ ነው?»

መቃውን በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። «እስቲ ይንፉት፣ እትዬ።»

ነፉት። ጉንጫቸው አበጠ፣ ዓይናቸው ፈጠጠ፤ መቃው ግን ትንፍሽ አላለም።

«ጠፍር የሚቀባው ከውጭ ነው» አልኩ፤ ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። «አባዬ የሚጠጡት ግን ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው። ድሬሰሩ ያለው ከውስጥ ጠቧል ነው።»

እትዬ መቃውን አገላብጠው አዩት። በቅቤ ነገር እሳቸውን የሚያታልል ሰው አልተወለደም።

«ቅቤ የሚረጋው ሲበርደው ነው» አሉኝ በእርጋታ። «የሰው ደም ትኩስ ነው። ትኩስ ውስጥ ቅቤ ሲረጋ የት አየሽ?»

እውነታቸውን ነው። ይህን ድሬሰሩን አልጠየቅሁትም። ሦስት ዓመት ሙሉ ዝም ብዬ አንድ ቀን ብናገር፣ በአንዲት ጥያቄ ሜዳ ላይ ቀረሁ። ባሌ መሬት መሬት ያያል። እትዬ ነጠላቸውን አጣፉ፤ ወደ ቄሱ ሊሄዱ ነው።

«የኔ እግር ቀዝቃዛ ነው» የሚል ድምፅ ከመደቡ ላይ መጣ።

ሁላችንም ዞርን። አባዬ ወደ ማንም አያዩም።

«ግራው ከቀዘቀዘ ሁለት ዓመቱ ነው። ልጅቱ ታውቃለች። ዋርካው ሥር የምቆመውም ስለሚይዘኝ ነው። ለሰው አይደለም።»

እትዬ ተንበርክከው መዳፋቸውን ቀኙ ላይ አሳረፉ፣ ከዚያ ግራው ላይ፣ ተመልሰው ቀኙ ላይ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ አንድ ጋቢ ስንለብስ ይህን ደበቁኝ?»

«አንቺን የሚነካሽ ቀኙ ነው። ሆን ብዬ ነው በዚያ በኩል የምተኛው።»

እትዬ ዋንጫውን አንሥተው ወደ ጓዳ መለሱት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የቅቤ ጠባቂዋ እሳቸው ሆኑ፤ እኔ እንኳ በራሴ ወጥ ላይ ጣል ሳደርግ ዞር ብዬ አያለሁ።

ቁስሉ ቀስ ብሎ ደረቀ። ጥፍሩ ወደቀ፣ ጣቱ ቀረ። በቅሎዋ በረት ውስጥ ወፈረች፤ እሷን ድሬሰር ዘንድ የሚወስዳት የለም። አባዬ በየቀኑ መሄድ ጀመሩ። ይይዛቸዋል፣ ይቆማሉ፣ ይሄዳሉ። ከፋሲካ በኋላ አራቱ መቆሚያ ሁለት ሆነ። ክረምቱ ሳይገባ ከቤት እስከ አጥሩ ጥግ በአንድ ትንፋሽ ደረሱ። እኔ ከኋላ ሆኜ እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

አገሩ ግን እልል አላለም። «ምነው እኒያ ሰው? በአንድ እንደምን አደራችሁ ያልፉን ጀመር። ኮሩ እኮ!» ዋርካው ሥር የሚጠብቁ የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ተመለሱ። አንድ ቀን ሸማኔው ካሳ ከሽመና ጉድጓዱ ተነሥቶ መንገድ ድረስ ወጣ።

«ጌታዬ፣ ምን በደልኩዎት?» አለ። «ደጄ ሳይቆሙ ካለፉ ስንት ሳምንት ሆነ። ልጆቼ ሁሉ ይጠይቁኛል።»

አባዬ ምን ይበሉት? እቆም የነበረው ባቴ ስለሚይዘኝ ነው ይበሉት? ደጃፉ ላይ ካለችው ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ስንመለስ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ፣ «ድሮ እግሬ ደኅና ሳለ የዚህን ሰው ስም እንኳ አላውቀውም ነበር» አሉ።

በተከታዩ እሑድ ዋርካው ሥር ቆሙ። ቦዩ ላይ ቆሙ። የካሳ ደጅ ቆሙ። አጥሩ ጥግ ቆሙ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አላጓደሉም፤ እንዲያውም ባት ሲይዝ በልኩ ነበር የሚያስቆመው፣ ደኅና እግር ግን ልክ አያውቅም። የካሳ ክር ስንት እንደ ተፈተለ፣ የካሳ ሚስት ስንተኛ ወሯ እንደሆነ ሁሉ ይጠየቃል። ልጄ ደግሞ በዚህ መካከል አድጋ ከብዳለች፤ ከጀርባዬ ግን አልወርድም ትላለች።

ባለፈው እሑድ እንዲሁ ካሳ ደጅ ሲያወሩ፣ ሲያወሩ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ባቴን ያዝኩ። አባዬ ድንገት ዞር አሉ።

«ምነው ልጄ፣ ይይዝሻል እንዴ?»

«ኧረ የለም፣ አባዬ» አልኳቸው። «እኔ የምቆመው ለሰው ነው።»