ሊቀ ቆርኪ ጋሽ በላይነህ

በየሰፈሩ ጠርሙስ በጥርሱ የሚከፍት አንድ ሰው አይጠፋም። ሙሽራው ቢያረፍድ ይጠበቃል፤ ይህ ሰው ካረፈደ ግን ድንኳኑ ይቀዘቅዛል። የእኛ ሰፈር ባለማዕረግ ሊቀ ቆርኪ ጋሽ በላይነህ ናቸው።

መክፈቻ ካዩ ይጠየፋሉ። «እግዜር አፌ ውስጥ ያኖረልኝን ከገበያ ልግዛ?» ይላሉ። አንድ ጊዜ ከመገናኛ በተሳፈርንበት ታክሲ ውስጥ አንዲት የማያውቋት ልጅ ያልተከፈተ ለስላሳ ይዛ አዩ። ሳትለምናቸው ተቀብለው በጥርሳቸው ከፈቱላት። ልጅቷ አመስግና ተቀበለች፤ እስክንወርድ ድረስ ግን አልጠጣችውም።

የማይቀረው ደረሰና አንድ ቀን ቆርኪው ሳይሆን ጥርሱ ወለቀ። አሳየች የምትባለው ልጃቸው ጥርስ የሚተክል ክሊኒክ ወሰደቻቸው፤ የጎረቤት ልጅ ነኝና እኔም አብሬ ተመላለስኩ። ከወራት በኋላ ሥራው ሲያልቅ ዶክተሯ አስቀምጣ መከረቻቸው።

«አባባ፣ መትከሉ ቀላሉ ነው። ለዓመታት የሚያቆየው የእርስዎ ጠባይ ነው። ሲጋራ ያቁሙ፣ ስኳርዎን ይቆጣጠሩ፣ ድድዎን በደንብ ያጽዱ፣ በቀጠሮዎ ይምጡ። የራስዎ ጥርስ ሲጎዳ ያምዎታል፤ ይሄኛው ግን የያዘው አጥንት እየሳሳ እንኳ ላያምዎት ይችላል። ጠርሙስማ እንዳይሞክሩ።»

«ለስላሳም?» አሉ ጋሽ በላይነህ።

«ለስላሳም፣ አባባ።»

ሚስታቸውና የንስሐ አባታቸው ተባብረው ያላስጣሏቸውን ሲጋራ ለአንድ ጥርስ ብለው ተዉት። ቀጠሮም አያዛንፉም። ሠርግ ግን መቅረት ጀመሩ። አንዴ ጉንፋን ይዞኛል፣ አንዴ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ስለት አለብኝ ይላሉ። መጀመሪያ ሳቅኩባቸው፤ በኋላ አሳዘኑኝ። ሰው ዕድሜ ልኩን በአንድ ነገር ሲጠራ ኖሮ ያንን ሲያጣ፣ ከእንግዲህ በምን እንደሚጠራ ግራ ይገባዋል።

ዕጣ ደርሶት መሪ ሰፈር ኮንዶሚኒየም የገባው የቀድሞ ጎረቤታችን ከበበ ልጁን ሲድር ግን መቅረት አልሆነላቸውም። ገና ከመቀመጣቸው ቢራ ቀረበላቸው፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ያጨበጭብ ጀመር። ጋሽ በላይነህ ጠርሙሱን ይዘው ቆዩ። እምቢ ቢሉ ያፍራሉ፤ እሺ ቢሉ ጥርሱ ይሄዳል። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት ከእጃቸው ነጠቅኩ። ምን ያህል እንደምወዳቸው ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት።

«ዛሬ ተራው የእኔ ነው» አልኩና ነከስኩት። ቆርኪው ተነሣ፤ የጥርሴም ጫፍ አብሮት ሄደ። ድንኳኑ በሳቅ ተሞላ።

ጋሽ በላይነህ ብቻ አልሳቁም። «አንተ የማትረባ፣ ማን አድርግ ብሎህ ነው?» ብለው አገጬን ይዘው አፌን መረመሩ። በማግስቱ እየጎተቱ ዶክተሯ ዘንድ ወሰዱኝ። ምክሩን ሁሉ እሷን ቀድመው እሳቸው ነገሩኝ።

ከዚያ ወዲህ ሠርግ አይቀሩም። ቢራ ሲቀርብላቸው ከኮት ኪሳቸው መክፈቻ ያወጣሉ፤ ሰው ሲገረም በአገጫቸው ወደ እኔ ይጠቁማሉ።

«ለራሴ መስሏችሁ ነው? ይሄ ልጅ እኔን እያየ ጥርሱን እንዳይጨርስ ብዬ ነው እንጂ።»

እኔም የተሸረፈችውን ጥርሴን ለሰዉ አሳይቼ «እውነታቸውን ነው» እላለሁ።