ሊቀ ሰንጢና የጠራዡ አውራ ጣት

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ ባለ ሰንጢ አይጠፋም። መሥሪያ ቤት ይሁን ፋብሪካ፣ የሐኪም ቤት ወረፋ ይሁን የአውቶቡስ ወንበር፣ አንዱ ክር አልበጠስ ብሎት በጥርሱ መታገል ሲጀምር፣ "ቆይ! ቆይ! ጥርስህን አታበላሽ!" የሚል ድምፅ ከኋላ ይሰማል። ዞር ስትሉ እሱ ነው። እጁ ኪሱ ገብቷል፤ ፊቱ ፍርድ ሊያነብ እንደተነሣ ዳኛ ኮስተር ብሏል። ክሩ በአንድ አፍታ ይቆረጣል። ስለ ቆረጠው ስለት የሚነገራችሁን ለመስማት ግን ግማሽ ሰዓት ያስፈልጋችኋል።

እኛ በምናወራለት ማተሚያ ቤት ይህ ሰው የመጋዘኑ ኃላፊ ነው። ስም አለው፤ ደመወዝ ሲፈርም ይጠቀምበታል። ከዚያ ውጭ ግን ዘበኛውም ሥራ አስኪያጁም "ሊቀ ሰንጢ" ነው የሚሉት። ማዕረጉን የሰጡት ሊያሾፉበት ነበር፤ እሱ ግን ሹመቱን በክብር ተቀብሎ እስከ ዛሬ አላስረከበም። ማዕረግ ከተነሣ አንቱታ ይከተላልና እኛም ከዚህ በኋላ አንቱ እንላቸዋለን።

ሊቀ ሰንጢ ውድ ሰንጢ አይገዙም። "ሰንጢ ማለት" ይላሉ ጣታቸውን ቀስረው፣ "ቢጠፋ የማያስለቅስ፣ ሲሠራ የማያሳፍር ነው!" ይህችን ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን ቢኖር ታመው የተኙበት ቀን ብቻ ነው። በሱቅ መስታወት ውስጥ ከፋይ ጨርቅ ላይ የተጋደመ ሰንጢ ካዩ፣ "ይኼማ ሙሽራ ነው፤ ሥራ አታዙት" ብለው ያልፋሉ። የእሳቸው ዓይን የሚያርፈው ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከባትሪ ድንጋይና ከቁልፍ መያዣ ጋር ተደባልቆ በቅርጫት የተቀመጠው ላይ ነው። ከቅርጫቱ አጠገብ ቁጢጥ ብለው አንድ በአንድ ያነሣሉ። ይከፍታሉ፤ ይዘጋሉ። ጆሯቸው ሥር አስጠግተው ያዳምጣሉ። ስለቱን ግራና ቀኝ ይወዘውዛሉ።

"አባቴ፣ ሐኪም ነዎት እንዴ?" አላቸው አንድ ቀን የሰለቸው ባለ ሱቅ።

"ብሆን ኖሮ ይኼን አስተኛው ነበር" አሉት። "ወገቡ ተናግቷል።"

የተገዛ ሰንጢ ወዲያው የእሳቸው አይሆንም፤ አመክሮ ላይ ነው። አንድ ሳምንት ካርቶን ይቆርጣል። አንድ ሳምንት ገመድ። በሦስተኛው ሳምንት ብርቱካን ይልጣል፣ እርሳስ ይቀርጻል፣ ከጠረጴዛ ላይም ሆን ተብሎ ይጣላል። ውጤቱ በትንሽ ደብተር ይሰፍራል፦ "ስለቱ ደህና። መቆለፊያው ዐመለኛ። ኪስ ይቀድዳል። ጠባዩ፦ ተንኮለኛ።" ተንኮለኛ የተባለው ሲዘጋ ጣት የሚነክሰው ነው። የተከፈተ ስለት እንዳይታጠፍ የሚይዝ መቆለፊያ የሌለውን ግን ደብተር ላይም አያሰፍሩት። "መቆለፊያ የሌለውን እንኳን ልገዛው ሰላምታም አልሰጠው!" ይላሉ።

አንድ ጊዜ ለጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄደው የበሩ ጠባቂ "ስለት ይዞ መግባት አይቻልም" አላቸው። አልተከራከሩም። ሰንጢውን አወጡና ደረሰኝ ጠየቁ። ጠባቂው ደረሰኝ የለኝም ቢል ራሳቸው ጻፉለት፦ "እጀታው ጥቁር፣ ስለቱ አራት ጣት፣ ምንም ሳይነቃነቅ በጤናው ተረክቤያለሁ።" ሰውየው ግራ ገብቶት ፈረመ። ሲመለሱ ሰንጢውን ከፍተው ወዘወዙት፤ ከዚያም ጠባቂውን ትክ ብለው አይተው፣ "ከፍተኸዋል አይደል?" አሉት። ከፍቶታል። ፖም ልጦበታል። "እንዴት አገኘኸው?" ብለው አጠገቡ ቁጭ አሉ። የመጡበት ጉዳይ ለሌላ ቀን ተላለፈ።

የጥረዛ ክፍል አለቃ፣ ቀልድ የምታውቅ ቆፍጣና ሴት፣ ልደቷን ሠራተኞቿ በኬክ ያከበሩላት ዕለትም እንዲሁ ነው። ቢላ የረሳው ሰው ተረገመ፤ ከዚያም ሁሉም ወደ ሊቀ ሰንጢ ዞረ። እሳቸው ሦስት ሰንጢ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። "ይኼ የገመድ ነው። ይኼ ትናንት ሙጫ ነክቷል። ይኼ ንጹሕ ነው፤ ግን ገና አመክሮ ላይ ነው።" ክርክሩ ሲያልቅ ሻማው ቀልጦ ኬኩ ላይ ፈሷል። አለቃዋ፣ "እባክዎ ይቁረጡልኝ፤ ሌላ ዓመት ሊጨመርብኝ ነው!" አለች።

በዚህ ሁሉ መካከል ከማንም በላይ የተፈተነው ጠራዡ ነው። የእሱ ጠረጴዛ ከመጋዘኑ በር ፊት ለፊት ነው፤ ለሃያ ሁለት ዓመት የእያንዳንዱን ሰንጢ ልደትና ሞት ሲሰማ ኖሯል። ዝምተኛ ሰው ነው። መርፌ፣ ክር፣ ሙጫና ጨርቅ ይዞ ይቀመጣል፤ ወረቀት ሆኖ የገባለት መጽሐፍ ሆኖ ይወጣል። ሊቀ ሰንጢ ሲያወሩ "እህ" ይላል። እህታው በዝቶ አንዳንዴ እንቅልፍ ይመስላል።

ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እህታው ጠፋ። አውራ ጣቱ ከድቶታል። የቀኙ አውራ ጣት አንጓው አብጦ፣ መርፌ መግፋት ባያቅተውም ጥፍር ገብቶበት የሚከፈተውን አሮጌ ሰንጢውን መክፈት እምቢ አለው። ያለ ሰንጢ ደግሞ ጥረዛ የለም፤ ክሩም የጨርቁም ጠርዝ በሱ ነው የሚቆረጠው። በማተሚያ ቤቱ እጁ የደከመ ጠራዥ ወደ ኋለኛው ክፍል ተዛውሮ ወረቀት ይቆጥራል። ደመወዙ ያው ነው። ግን ቀኑን ሙሉ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ፣ ማታ ይኼን ሠራሁ ሳይል ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠራዡ ይህን ከሞት ለይቶ አላየውም።

ስለዚህ ዘዴ ዘየደ። ጠዋት ጠዋት ሚስቱ ሰንጢውን ትከፍትለታለች። እሱ የተከፈተውን ስለት በሁለት ካርቶን መካከል አጋድሞ፣ በክር ጠፍንጎ፣ አውቶቡስ ውስጥ የታመመ ሕፃን እንደያዘ ሰው ታቅፎት ይሄዳል። ማታም እንደተከፈተ ይመለሳል፤ የሚዘጋው ቤት ሲደርስ ነው።

"አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሰው ወግተህ ጋዜጣ ላይ ትወጣለህ" አለችው ሚስቱ።

"ጋዜጣውን የምናትመው እኛ ነን፤ ገጹን እቀድደዋለሁ።"

"ለአለቃህ ብትነግራትስ?"

ካርቶኑን ታቅፎ ወጣ።

ሊቀ ሰንጢ አዲስ ዐመል ያወጡትም በዚያው ሰሞን ነው። እንደ ወትሮው ማውራት ሳይበቃቸው፣ በየጠዋቱ አንድ ሰንጢ ይዘው ጠራዡ ፊት ይቆሙ ጀመር።

"እስቲ ይኼን ክፈተው።"

"እጄ ሙጫ ነው።"

በማግስቱ ሌላ ይዘው መጡ። "እስቲ ይኼኛውን።"

"መርፌ ይዣለሁ፤ አይታይህም?"

"አስቀምጠዋ!"

"ቢጠፋስ? አንተ ወንድሜ፣ ሥራ የለህም እንዴ?"

"ይኼ ምንድን ነው ታዲያ፣ ጨዋታ ነው?"

በሦስተኛው ቀን ማምለጫ አጣ። ተቀብሎ በግራ እጁ ሞከረ። ሰንጢው ተንሸራቶ ሙጫ ውስጥ ገባ።

"ዝጓል" አለ ጠራዡ ላብ እያጠመቀው።

"ዛሬ ጠዋት ዘይት ቀብቼዋለሁ።"

"እንግዲያው ዘይቱ ዝጓል።"

ሊቀ ሰንጢ ሰንጢውን ከሙጫው አወጡ። ጠራዡን እንጂ ሰንጢውን አላዩም። ደብተራቸውን አውጥተው አንድ ነገር ጻፉና ሄዱ። ይኼ ሰው ሰንጢን የሚመረምር መስሎ እኔን ነው የሚመረምረኝ፤ አለቃዋ ልካው ይሆናል አለ ጠራዡ በልቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታቸውን እንኳ በግማሽ አፉ መለሰ።

ሰኞ ዕለት ሊቀ ሰንጢ አውራ ጣታቸውን በፋሻ ጠቅልለው ብቅ አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

"ሊቀ ሰንጢን ሰንጢ ነከሳቸው!"

"የትኛው ነው?" አለች አለቃዋ። "ይነገረንና እንሸልመው!"

ጠራዡም ሳይወድ ከአፉ አመለጠው። "ጠባዩን ምን ብለህ መዘገብከው?"

ሊቀ ሰንጢ ፋሻውን ይዘው ወደ መጋዘናቸው ገቡ። ዝም ያሉት ሊቀ ሰንጢ መሆናቸውን ሰው ልብ ያለው ሳቁ ካለቀ በኋላ ነው።

ረቡዕ ዕለት የመቁረጫ ማሽኑ ሠራተኛ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ክፍት በተተወ ስለት ላይ ክንዱን አስደግፎ ሦስት ቦታ ተሰፋ። አለቃዋ ተቆጣች። ከዚህ በኋላ ከእጅ የወጣ ስለት ሁሉ ይዘጋል አለች። "ነገ ጠዋት በየጠረጴዛው አልፋለሁ። እያንዳንዱ ሰው ሰንጢውን ፊቴ ከፍቶ፣ ፊቴ ዘግቶ ያሳየኛል!"

ሐሙስ ጠዋት ጠራዡ ከሁሉም ቀድሞ ገባ። ጣቱ ከከዳው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰንጢውን ዘግቶ ኪሱ ከቶ ነው የመጣው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና እያየው ተቀመጠ። የመጋዘኑ በር ተከፈተ። ሊቀ ሰንጢ መጥተው አንድ መልከ ጥፉ ሰንጢ ፊቱ አኖሩ፤ እጀታው ተራ እንጨት፣ ስለቱ አጭር፣ ከኋላው ደግሞ እንደ ጭራ የወጣ ብረት ያለው።

"ክፈተው።"

ጠራዡ ብድግ አለ። "ምን በድዬህ ነው የምታሠቃየኝ? ታውቃለህ አይደል? አውራ ጣቴ እንደማይታዘዘኝ ታውቃለህ!"

"ካወቅሁ አራት ወር ሆነኝ። የካፖርትህን ቁልፍ መቆለፍ ካቆምክ ጀምሮ።"

"ታዲያ ለምን በግልጽ አልጠየቅኸኝም?"

"ብጠይቅህ እጅህን ትደብቃለህ። እጅህን ከደበቅህ ምኑን አይቼ ሰንጢ ልመርጥልህ ነው?" አሉና ፋሻቸውን ይተረትሩ ጀመር። ከሥሩ የወጣው አውራ ጣት ጭረት እንኳ የለበትም። "አስሬው ነው እንጂ አልቆረጠኝም። አሥራ አንድ ሰንጢ ያለ አውራ ጣት ከፈትኩ፤ ዘጋሁ። አሥሩ ወደቁ። አንዱ እንዲያውም ሱሪዬን ቀደደ። ሸሚዜን ስትቆልፍልኝ የሰነበተችው ሚስቴ ነች፤ ሕፃን ሆነህ ተመለስክ እያለች።"

ጠራዡ ሰንጢውን አገላብጦ አየና፣ "ይኼ እኮ መቆለፊያ የለውም" አለ።

ሊቀ ሰንጢ ጆሯቸው ድረስ ቀሉ። "አዎ፣ የለውም። ዝም ብለህ ጭራውን በመዳፍህ ተጫን።"

ጠራዡ ተጫነ። ስለቱ እንደ በር ተከፈተ። ሲጨብጠው ጭራው መዳፉ ሥር ገብቶ ስለቱን ቀጥ አድርጎ ያዘ። የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ተጫነ፤ ተዘጋ። ደገመው። ሠለሰው። አውራ ጣቱ ዳር ቆሞ ተመልካች ሆነ።

"ብሎኑን በትንሹ አላልቼዋለሁ" አሉ ሊቀ ሰንጢ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ጭራውንም ሞርጄዋለሁ፤ መዳፍ ይቧጥጥ ነበር።"

አለቃዋ በየጠረጴዛው እያለፈች እሱ ጋ ደረሰች። ጠራዡ ከፈተ፤ ዘጋ። እሷም ልታልፍ ስትል ጠራት።

"አለቃ" አለ። "አውራ ጣቴ ከእኔ ጋር አይደለም። ሌላ ሰው ሳይነግርሽ እኔ ልንገርሽ ብዬ ነው።"

አለቃዋ ቆመች። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያላለቀ ጥራዝ አነሣች፤ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች፤ ጠርዙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አየች።

"ይኼን ትናንት የሠሩት ነው?"

"ትናንት።"

"ታዲያ አውራ ጣትዎን ማን ጠየቀዎት? ሰንጢዎን አየሁ፤ በቃኝ" ብላ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ሄደች።

ጣቱ አልዳነም፤ ይብስበትም ይሆናል። ያን ዕለት ግን ጠራዡ ስድስት መጽሐፍ ጠርዞ፣ ባዶ እጁን እያወዛወዘ አውቶቡስ ላይ ወጣ። ሚስቱ በሩን ስትከፍት ደንግጣ፣ "ካርቶኑስ?" አለችው።

በማግስቱ በምሳ ሰዓት ሊቀ ሰንጢ ምሳቸውን ይዘው የጠራዡ ጠረጴዛ አጠገብ ተሰየሙ። ሰንጢው አመክሮ ላይ ስለሆነ በየቀኑ ሪፖርት ያስፈልጋል አሉ። ከዚያ ስለ ብረቱ ጀመሩ፤ ከብረቱ ወደ እንጨቱ አለፉ፤ ከእንጨቱ ወደ ዘይት አቀባቡ። በዙሪያው የተቀመጡት አንድ በአንድ ሳህናቸውን እያነሡ ሸሹ። የጠራዡ ምሳ ቀዝቅዟል። ሊቀ ሰንጢም በመጨረሻ ብቻቸውን ሲያወሩ መቆየታቸው ገብቷቸው፣ ጥቂት አፍረው ደብተራቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

"የት ልትሄድ ነው?" አላቸው ጠራዡ፣ ሳህኑን ወደ ጎን እየገፋ። "ብሎኑን ስንት ዙር እንዳላላኸው እኮ አልነገርከኝም።"