ለየት ያለው ፍሬን

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ቤቱ እየተቃጠለ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሲደርሱለት «ዛሬ ትንሽ ሞቅ ብሏል፤ ሥራ ከበዛባችሁ ግን ነገም መምጣት ትችላላችሁ» የሚል ሰው። በብርዳማዋ ከተማችን በዱሉት እንዲህ ያለ ሰው በየመንገዱ አለ። የእኛ መንገድ ግን ከሁሉም የላቁትን ታድሏል፤ ክቡር አቶ ሃርላን ኒጎርድ ለእኛ ደርሰውናል።

አቶ ሃርላን ከባቡር ሥራ ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ማንንም ላለማስቸገር ሲሉ ያላስቸገሩት ሰው የለም። የጥድ ዛፍ ወድቆ የጋራዣቸውን ጣሪያ ለሁለት የከፈለ ጊዜ ልናጽናናቸው ብንሄድ፣ ቀና ብለው ሰማዩን እያዩ «ድሮም ብርሃን ይጎድለው ነበር» አሉን። በረዶ አዳልጧቸው እግራቸው ሲሰበር ደግሞ ሐኪሟን «ሌላኛው እግሬ በጣም ጤነኛ ነው» ብለዋት፣ የራስ ምታት ክኒን ተቀብለው ወደ ቤት ተመለሱ። በማግስቱ አጥንቱ ራሱ ተናገረላቸው።

የዚህ ዓይነቱን ሰው ቁጣ የሚያውቀው አብሮት ያደገ ብቻ ነው። በእኛ ዘንድ ከስድብ ሁሉ የከፋው ቃል «ለየት ያለ ነው» የሚለው ነው። በቤተ ክርስቲያን የጋራ ምሳ ላይ አንድ ሰው የአንዷን ምግብ ቀምሶ «ለየት ያለ ነው» ካለ፣ ሴትየዋ ሳህኗን ትሸፍናለች፤ በሚቀጥለው ዓመት ከሱቅ ዳቦ ገዝታ ትመጣለች። አቶ ሃርላን በረጅሙ ጉርብትናችን ይህን ቃል ሲያወጡ የሰማኋቸው ስለ ወንድማቸው ሦስተኛ ሚስት ብቻ ነበር።

እንግዲህ አዲስ መኪና የገዙት እኚህ ሰው ናቸው። ለራሳቸው ብለው አይደለም። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ አንጋፋዋ ወይዘሮ ዳግኒ ኩላሊታቸው ስለደከመ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ደማቸው በማሽን መታጠብ አለበት። ሆስፒታሉ ከዳገቱ ሥር፣ ሐይቁ ዳር ነው። የአቶ ሃርላን አሮጌ መኪና ወይዘሮዋን ሲያንገጫግጫቸው ጊዜ፣ ያጠራቀሟትን አውጥተው ወንበሩ የሚሞቅ መኪና ገዙ። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ። ማሽኑ ሥራውን ሲሠራ እኔ ለወይዘሮ ዳግኒ መጽሐፍ አነብላቸዋለሁ። ትምህርት ቤት ብዙ አልቆየሁም፤ የማውቀውን አብዛኛውን ያወቅሁት እዚያ ወንበር አጠገብ ጮክ ብዬ ሳነብ ነው። ስለዚህ እግዚአብሔርን ሳመሰግን አቶ ሃርላንንም ጨምሬ ነው።

መኪናው ሁለት ዓመት ሳይሞላው ፍሬኑ ያመው ጀመር። አንዳንድ ብርዳማ ጠዋት ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፤ ቢረግጡት አይወርድም፣ መኪናውም አይቆምም። መሪው ፊት ለፊት ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይበራል። ትንሽ ቆይቶ መብራቱም ይጠፋል፣ ፔዳሉም ይለሰልሳል፤ ምንም እንዳልተፈጠረ። ከተማችን ደግሞ ቁልቁለት ናት። ከላይ ተነሥቶ ያልቆመ ነገር ሁሉ የሚቆመው ሐይቁ ውስጥ ነው።

መኪናውን የሸጠላቸው ድርጅት ጋራዥ ሄዱ። ደንበኛ የሚቀበለው ራሞን ኢባራ ይባላል፤ ከጥቂት ወራት በፊት ከቴክሳስ የመጣ፣ ቀና ሰው ነው።

«ምን ችግር ገጠመዎት?»

«ችግር እንኳ አልለውም።»

«ታዲያ መኪናው ምን ሆነ?»

«አንዳንድ ጊዜ ከመቆሙ በፊት ያስባል።»

«ያስቸግርዎታል?»

«የለም፣ የለም። ሌላ ሥራ ካላችሁ እሱን አስቀድሙ።»

ራሞን የሰማውን አመነ። ምን ያድርግ? መኪናው በሞቀው ጋራዥ ውስጥ ሲሞከር እንደ መልአክ ቆመ። አቶ ሃርላን ሰዎቹን ሥራ አስፈታኋቸው ብለው በማግስቱ ብስኩት ይዘውላቸው ሄዱ።

ሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ የፍሬኑን ሸራና ዲስክ በሙሉ ለወጡላቸው። ሸራና ዲስክ የሚያልቅ ዕቃ ስለሆነ ዋስትናው አይሸፍነውም ተባለ። ሒሳቡ የቤት ጣሪያ የሚያድስ ነበር። «እንዴት ነው?» ብዬ ብጠይቃቸው ደረሰኙን ገልበጥ አድርገው አይተው «ወረቀቱ ጥሩ ነው» አሉኝ። ከዚያ ድርጅቱ ደውሎ ስለ መስተንግዶው ከአሥር ስንት ይሰጣሉ ብሎ ጠየቃቸው። እሳቸውም ከልባቸው ደስ ብሏቸው «ሰባት» አሉ። ሟች ባለቤታቸውን በጣም ይወዷቸው ነበር፤ ከስምንት በላይ ግን የሚሰጧቸው አይመስለኝም። በድርጅቱ ዘንድ ግን ከዘጠኝ በታች ወቀሳ ነው፤ ያ ሰባት ራሞንን አለቃው ቢሮ አስጠርቶ አስገሠጸው።

ጥር ላይ፣ ሐሙስ ቀን፣ ሦስታችንም መኪናው ውስጥ ሆነን ቁልቁል ስንወርድ የትራፊክ መብራቱ ቀይ ሆነ። አቶ ሃርላን ረገጡ። መኪናው ቀጠለ። እሳቸው አልጮኹም። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ መሪውን ወደ ጎን መንገድ ጠመዘዙ፣ በረዶ ጠራጊው የከመረው በረዶ ውስጥ ገብተን ቆምን። 

«ሃርላን» አሉ ወይዘሮ ዳግኒ ቦርሳቸውን እንዳቀፉ፣ «ሆስፒታሉ በዚህ አይደለም እኮ።»

«አውቃለሁ ዳግኒ።» ሁለት እጃቸው መሪው ላይ ነው። «ይሄ ፍሬን ለየት ያለ ነው።»

እኔ ያን ጊዜ ነው የፈራሁት።

ዋስትናው በወሩ መጨረሻ ያበቃል። የተበላሸው ሌላ ነገር ከሆነና በራሳቸው ኪስ ይሠራ ከተባለ፣ አቶ ሃርላን መኪናውን ከመሸጥ በቀር አቅም የላቸውም። መኪናው ከሌለ ደግሞ ወይዘሮ ዳግኒን በሳምንት ሦስቴ የሚያወርድ የለም፤ ልጃቸው አሪዞና ወስዳ መጦሪያ ልታስገባቸው ቦታ ይዛ ስልክ እየጠበቀች ነው። ወይዘሮ ዳግኒ አሪዞናን አንድ ጊዜ አይተውታል። ምን ይመስላል ስላቸው «ደረቅ ነው» ብለው ወሬ አስቀይረውኛል።

ስለዚህ በማግስቱ አቶ ሃርላንን ተከትዬ ጋራዡ ሄድኩ፤ አስተርጓሚ ሆኜ።

ራሞን ሰባቱን አልረሳም። «ዛሬስ ምን ልታዘዝ?»

«ፍሬኑ ለየት ያለ ሆኗል» አሉ አቶ ሃርላን።

«ለየት ያለ ማለት ጥሩ ነው?»

«ራሞን» አልኩት፣ «እኚህ ሰው አሁን ጮኸውብሃል።»

ራሞን ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ ወለሉን የሚያዩትን ሽማግሌ ተመለከተ። «መቼ?»

«አሁን። ሰማሃቸው እኮ።»

«ሎርና፣ አታጋኚ እንጂ» አሉ አቶ ሃርላን።

«አባባ» አለ ራሞን እስክሪብቶውን አስቀምጦ፣ «እኛ አገር ሰው ሲናደድ በሩ ይነግርሃል። እኔ የእናንተን ገና አልቻልኩበትም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይቆማል ወይስ አይቆምም?»

«ብዙውን ጊዜ ይቆማል።»

«ፍሬን ብዙውን ጊዜ አይባልም።»

«አይባልም» አሉ አቶ ሃርላን፣ እውነትም ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳሰቡበት ሁሉ።

«እንቢ ያለው ትናንት ብቻ ነው?»

«አዎ፣ አንድ ጊዜ ነው» ብዬ እኔ መለስኩ። አቶ ሃርላን ግን ኮፍያቸውን ማዞር አቆሙ። «ከእነሱ ጋር አንድ ጊዜ ነው» አሉ። «ሌላው ጠዋት ጠዋት ነው።»

«የምን ጠዋት?» አልኳቸው።

«እናንተን ከመውሰዴ በፊት። ብቻዬን ቁልቁል እነዳዋለሁ። ከቆመ እመለስና እወስዳችኋለሁ። ካልቆመ ትንሽ አሞቀውና ደግሜ እወርዳለሁ።»

«ባይቆምስ?» አለ ራሞን።

«ከሥር በረዶ አለ። ለስላሳ ነው።»

ይህን የምተረጉምበት ቃል አጣሁ። ራሞንም አስተርጓሚ አልፈለገም። መኪናውን ሞቃት ጋራዥ ውስጥ ሳይሆን ውጭ ብርዱ ላይ አሳደረው። ጎህ ሲቀድ ራሞንና አቶ ሃርላን ከመካኒኩ ጋር ሊሞክሩት ሲወጡ እኔም የኋላውን በር ከፈትኩ።

«አንቺ አትገቢም» አሉኝ አቶ ሃርላን።

«ለምን?»

«ስለማልፈልግ።»

እንዲህ ያለ ቃል ከአፋቸው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም፤ እሳቸውም የሰሙ አይመስለኝም፣ ጆሯቸው ቀላ። በሩን ዘጋሁላቸው። ሲመለሱ የራሞን ፊት አመድ ለብሷል፣ መኪናውን ከበረዶ ክምር ገፍቶ ያወጣው መካኒክ ጉልበቱ ላይ በረዶ አለ፣ አቶ ሃርላን ደግሞ ሁለቱንም ይቅርታ እየጠየቁ ነበር። የተበላሸው ለፍሬኑ ጉልበት የሚሰጠው፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ክፍል ነው። ራሞን አለቃው ቢሮ ገባና በሩን ዘጋው፤ የቴክሳስ አዘጋግ ነበር። ሲወጣ «በዋስትናው ይሠራል» አለን። የወይዘሮ ዳግኒ ልጅም አሪዞና የያዘችላቸውን ቦታ ለቀቀች።

እኔ ስለ እውነት ብዙ አንብቤያለሁ፤ እውነትን ሁሉ ግን በቃል ስፈልግ ኖሬያለሁ። አቶ ሃርላን አንዲት ቀጥተኛ ቃል ከሚያወጡ፣ የከተማውን ቁልቁለት በማይቆም መኪና ደጋግመው መውረድ ቀለላቸው። ይህ ሞኝነት ነው፤ ወይዘሮ ዳግኒም «ሞኝ ነህ ሃርላን» ብለዋቸዋል። በጸሎቴ ግን ይህን ሞኝነት እንዲያነሣላቸው አልለምንም። ሰው እንዳይጎዱበት ብቻ ነው የምለምነው።

መኪናው ተሠርቶ በወጣ በመጀመሪያው ማክሰኞ ገና ሳይነጋ ተነሥቼ መስኮቴ ጋ ቆምኩ። መካኒኩ ደጋግሞ ሞክሮታል፣ ራሞንም ሞክሮታል። ቢሆንም የአቶ ሃርላን መኪና መብራቱን አብርቶ፣ ባዶውን፣ ቀስ እያለ ከቤታቸው ወጣ። ካፖርቴን ደረብኩና ወርጄ መንገዱ ዳር ቆምኩ። አጠገቤ ሲደርሱ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ገና ነው እኮ» አሉኝ።

«አውቃለሁ» አልኩና ዞሬ ከፊት ገባሁ።

ቁልቁለቱ ከፊታችን ነው። አቶ ሃርላን አየት አደረጉኝ፤ ውረጂ ሊሉኝ እንደሆነ ገብቶኛል፣ እንደማልወርድም ገብቷቸዋል።  እጃቸውን ዘርግተው የወንበሬን ማሞቂያ ከፈቱልኝና መንዳት ጀመሩ።