እትዬ ይተርተርና የሱቁ ጉርድ

እትዬ ይተርተር ከሱቅ የተሰፋ ጉርድ ቀሚስ ገዙ አሉ። ወሬውን ያመጣችው ጎረቤታችን ፀጉር ሠሪዋ ናት። «በዓይኔ በብረቱ አየኋቸው! ከረጢቱን ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ውልቅ!» አለችኝ። አላመንኳትም። ዓሣ ዋና ሰልችቶት ታክሲ ተሳፈረ ብትለኝ ይቀለኝ ነበር።

እትዬ ይተርተር የሌሉበት ሰፈር የለም፤ እናንተም ጋ ስማቸው ሌላ ሆኖ ይኖራሉ። ከሱቅ የተገዛ ልብስ ሁሉ በግል የተሰነዘረባቸው ስድብ ይመስላቸዋል። ሰላምታውን ሳይጨርሱ የሰው ጠርዝ ገልብጠው ስፌት ይመረምራሉ። የኛዋ ክብርት ዳኛ ፍርዳቸው አንዲት ቃል ናት፦ «ይተርተር!» ይግባኝ የለውም። አንድ ሠርግ ላይ ሙሽራዋን እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉ ቀርበው፣ ጎንበስ ብለው የቬሎዋን ጫፍ አዩና፣ «ልጄ፣ ትዳሩ ይጽና፤ ይሄ ቅምቅማት ግን ይተርተር» አሏት። የጥርስ ሐኪሙ አፋቸውን አስከፍቶ ሲቦረቡር እንኳ፣ ጋዋኑ ላይ የላላ ቁልፍ አይተው በእጅ ምልክት መርፌና ክር አስመጥተዋል።

ታዲያ ታናሽ እህቴ ለመሥሪያ ቤቷ ሽርሽር የምትለብሰው ቀለል ያለ የበጋ ጉርድ አማራት። ሽርሽሩ ላይ አንድ መለሎ የሂሳብ ሠራተኛ ስለሚገኝ፣ ጉዳዩ ተራ እንዳይመስላችሁ።

«ከሱቅ ልገዛ ነው» አለች፣ እትዬ አጠገቧ መቀመጣቸውን ሳታስበው።

«እኔ በሕይወት እያለሁ?» አሉ እትዬ። «አንቺ ጨርቁን ብቻ አምጪ!»

አመጣች። ሰማያዊ፣ ልስልስ ያለ፣ ትንፋሽ የሚያስበረግገው ስስ ጨርቅ። እትዬ መጋረጃና ካፖርት ሲሰፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ወፍራም ጨርቅ ገና ሲያያቸው ቀጥ ይላል። ይሄኛው ግን አላከበራቸውም። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጉት እንደ ሳሙና ይሙለጨለጫል፣ ስፒል ሲሰኩበት ሾልኮ ይሄዳል። «አርፈህ ተኛ!» ሲሉት፣ እኔ ጫፉን እንድይዝ ታዝዤ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። የሽርሽሩ ዋዜማ መሆኑ ነው። ይሄኔ ነፋስ መስኮቱን በረገደው። ጨርቁ ብድግ አለ፣ በእጃቸው የያዙት መቀስም ተከተለው፤ ከወገብ እስከ ጠርዝ ሸርከት!

የእትዬ ፍርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አልሠራም፤ መቀስ የቆረጠው አይተረተርም።

«እህትህ ጋ ትንፍሽ ትልና!» አሉኝ። ወዲያው ነጠላ ጫማቸውን እንኳ ሳይቀይሩ ወጡ። የፀጉር ሠሪዋ ወሬ የደረሰኝ ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ግን ሌላ ጨርቅ ፍለጋ ሄደው ነው ብዬ ተከራከርኩላቸው።

ጠዋት ያንኑ ጨርቅ የመሰለ ሰማያዊ ጉርድ ይዘው መጡ። እህቴ ለብሳው ስትሽከረከር፣ ጉርዱ ትንሽ ዘግየት ብሎ ይከተላት ነበር። «እትዬ፣ እጅዎ ይባረክ!» ብላ አገላብጣ ሳመቻቸው። እኔ ከራሳቸው በተማርኩት ብልግና ጎንበስ ብዬ ጠርዙን ገለበጥኩት። በእጅ የተሰፋ ነው፤ ጉንዳን የተሰለፈ ይመስል ደቃቅና ቀጥ ያለ። ከስፌቱ ጎን ለጎን ግን የስፌት መኪና መርፌ የበሳቸው ባዶ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ኪሱ ደግሞ ከዚያ ከተበላሸው ከእህቴ ጨርቅ የተቀጠለ ነው። ቀና ስል የእትዬ ዓይን ቀልቷል፤ ጣታቸውም በፕላስተር ተጠቅልሏል። ፀጉር ሠሪዋ ይቅር ትበለኝ።

እህቴ እጇን አዲሱ ኪስ ውስጥ ከትታ ስትበር ሄደች። የእትዬን ጉንጭ ልስም ቃጥቶኝ ነበር፤ ተንኮሌ ቀደመኝ።

«እትዬ፣ ጉርድ ገዙ እየተባለ ነው።»

«ማን? እኔ?» ወገባቸውን ያዙ። «ውሸት ነው! እኔ ጨርቅ ነው የገዛሁት። ሳላዛቸው ሰፍተው ሸጡልኝ፤ ተርትሬ ጣልኩላቸው!»