ሳፋ ውስጥ የገባው ባሕር

ውሃ ስንጥ ክንዴ ዝሏል፤ ጽሑፌ ከተንጋደደ በሱ ያዙልኝ።

እኛ ሰዎች ሳናየው የምንፈተንበት ነገር ብዛቱ። ጋይንት ተቀምጦ ባሕር ያየ ካለ እስቲ እጁን ያውጣ። ያም ሆኖ የፊዚክስ መምህራችን የባሕር ሞገድ መብራት እንደሚያመነጭ አስተማሩን፤ መብራት በጠፋበት ክፍል። ደክሞን ስለነበር ማንም አልሳቀም።

እኔ ደሞ ዘንድሮ ልቤ አብጧል። ከስማዳ መጥቼ ንፋስ መውጫ ስማር አፌን ዘግቼ ከርሜ፣ ገና አሁን እጅ ማውጣት ለመድሁ። «ሠርቼ አሳያለሁ» አልሁ። አፍ ሲያመልጥ፣ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

ከተበላሸ ስፒከር ማግኔት አወጣሁ፤ ሽቦ ጠቀለልሁ፤ በባዶ ሃይላንድ አንሳፈፍሁት። ውሃ ቀረ። የቧንቧው ውሃ ከጠፋ ሰንብቷል። ካከራዩኝ እማሆይ ጓዳ አንድ ሙሉ ጀሪካን አየሁና ተሸክሜ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ሳፋው ላይ ገልብጬ እንደ ቅል ወተት ናጥሁት። ሃይላንዱ ከፍ ዝቅ ሲል ትንሿ አምፖል ብልጭ፣ ብልጭ። ክፍሉ አጨበጨበ። ባዶውን ጀሪካን ሳነሳ ነው እንግዲህ ጎኑ ላይ የደበዘዘ የከሰል መስቀል ያየሁት።

ጸበል ነው። እማሆይ ለወገባቸው ያስቀመጡት።

ካስወጡኝ ሌላ ቤት የለኝም፤ ትምህርቱም አበቃ። የፈሩት ይደርሳል፤ ስመለስ ወሬው ቀድሞኝ ገብቷል። እማሆይ ከጎረቤታቸው ጋር ደጅ ተቀምጠዋል።

«በራ አሉ?» አሉኝ።

«በራ፣ እማሆይ።»

«ምን ይገርማል፤ ጸበል አይደል?»

«ስልክም ይሞላ ይሆን?» አሉ ጎረቤቲቱ።

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? «አዎ» ብል እድናለሁ። ግን «ማናቸውም ውሃ ያበራል፤ መናጡ ነው» አልሁ።

እማሆይ የእቃ እጣቢ ወዳለበት ባልዲ ጠቆሙ። «እንግዲያውስ በእቃ ማጠቢያው አሳዪኝ። ካልበራ ጓዝሽን ታስሪያለሽ።»

እጣቢውን ሳፋ ላይ ደፋሁት። ልንጠው ስል እጄን ያዙና መስቀላቸውን አውጥተው ውሃውን ባረኩት። ናጥሁት። ብልጭ አለ።

«አየሽ?» አሉኝ።

አየሁ። ቤቴ ተርፏል፤ ፊዚክሱ ለራሱ ይሟገት።

ጧት መጀመሪያ ያደረግሁት ጀሪካናቸውን አዝዬ ጸበል መውረድ ነው። ከመቅዳቴ በፊት ግን መስቀሉን በትምህርት ቤት ማርከር፣ አጉልቼ፣ በአራቱም ጎን ሣልሁት።