ዓይን ቀረጥ የለበትም

ከተማውን ያለ ገንዘብ እንደ አባቱ ርስት የሚዞር ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለእኛ ሕንጻ የደረሰው ግን ከሁሉም ይብሳል። ከበሬ ፊት ለፊት ያለችው ጡረተኛ ልብስ ሰፊ ናት፤ እኔ «ክብርት ዘዋሪት» እላታለሁ። ዕድሜዋን ሙሉ የስፌት መኪና ላይ ጎንበስ ብላ ስለኖረች፣ አሁን ቀና ብሎ ማየት አምሯት መሰለኝ።

ጠዋት በሬን ስትደበድብ ቤቱ የተቃጠለ ይመስላል።

«ጫማሽን አድርጊ! ዓይን ቀረጥ የለበትም!»

«ኧረ ጉልበቴን...»

«ጉልበትሽ እዚህ ተቀምጦ ምን አተረፈልሽ?»

ለኪስ ሁሉ የሚሆን መዝናኛ አላት። ኪስ ባዶ ሲሆን ፍርድ ቤት ነው። «ከዚህ የበለጠ ቲያትር የት አለ? ወንበሩም በነጻ!» ትላለች። የሁለት ወንድማማቾችን የአጥር ክርክር ስንከታተል ወራት አለፈን፤ እሷ የታናሽየው ወገን ናት። አንድ ቀን የታላቅየው ጠበቃ ሲናገር «ውሸቱን ነው!» ብላ ጮኸች። ዳኛው በመነጽራቸው አሻግረው ሲያዩን፣ እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ክብርት ዘዋሪት ግን የተጨበጨበላት ይመስል እጅ ነሳች።

ትንሽ ስናገኝ አውቶብስ ነው፤ ከፊተኛው ወንበር፣ እስከ መጨረሻው ፌርማታ፣ ሳንወርድ መልስ። ጡረታ የተቀበልን ቀንማ ድግስ ነው፤ ፍርድ ቤቱም፣ አውቶብሱም፣ በላዩ አንድ ሻይ ለሁለት።

አዲስ ፎቅ ካየች ደግሞ አታልፍም። «የሚሸጥ ቤት ልናይ ነው» ብላ በሊፍት ጫፍ ድረስ ታወጣኛለች። ከተማውን በመስኮት ጠግባ ካየች በኋላ ለሻጩ «ወጥ ቤቱ ጠበበኝ» ትለዋለች። እሷ የምትኖረው ባንዲት ክፍል!

ከሁሉ የምትወደው ግን ትልቁን የቤት ዕቃ መደብር ነው። ሶፋው ላይ ትንፈላሰሳለች፣ አልጋው ላይ ጋደም ትላለች። ሻጩ ሲመጣ፣ «ልጄ፣ ሳይሞከር ይገዛል እንዴ? ባል ሳንሞክር አግብተን ያየነውን አይተናል!»

ነገር የመጣው ከዚሁ መደብር ነው። «ሶፋው ሲረክስ ደውሉልኝ» ብላ የልጇን ስልክ ሰጥታቸው ኖሯል። እነሱም ደወሉለት፤ ለሶፋው ሳይሆን ለአልጋው። «አሮጊቶች አልጋችን ላይ ሲተኙ ውለዋል» አሉት።

ልጇ በማግስቱ ከች አለ። እሱ ጋ ልትገባ ነው፤ ግንቡ ከፍ ያለ ግቢ፣ አውቶብስ የማይደርስበት። በሩ ክፍት ነበርና ገባሁ። አንገቷን ደፍታ ልብሷን እያጠፈች ሻንጣ ውስጥ ትከታለች።

«እማማ፣ እርስዎ እንኳ ይምከሩልኝ» አለኝ ልጇ። «አእምሮዋ እየደከመ ነው። መደብር ውስጥ ተኝታ መዋል ምን የሚሉት ነው?»

እሷ ከጀርባው ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ ዝም በይ ትለኛለች።

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ አልጋዬ ሰፍቶብኝ እንቅልፍ የሚባል ነገር ርቆኝ ነበር። ያን ቀን መደብሩ ውስጥ «ፍራሹን ፈትሺልኝ» አለችኝ፤ ጋደም አልኩ። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም። ስነቃ መብራቱ በርቷል። እሷ ጫማዎቼን ታቅፋ ግርጌዬ ተቀምጣ፣ ሻጩን በሹክሹክታ፣ «ዝም በል አንተ! ገና እየሞከረችው ነው» ትለዋለች።

«ልጄ፣» አልኩት፣ «የተኛሁት እኔ ነኝ። እናትህ ዘብ ነበረች።»

ዞሮ አያት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ጎረቤቴን ላሳጣት?» አለች፣ ቀሚስ እንደያዘች።

ልጁ ሻንጣው ላይ ቁጭ ብሎ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከዚያ የታጠፈውን ልብስ ራሱ መልሶ ሰቀለላት።

በነጋታው በሬ አልተንኳኳም። ጫማዬን አድርጌ ጠበቅሁ፤ ወፍ የለም። ትናንት አንገቷን የደፋችው ትዝ አለኝና ተነስቼ በሯን እንደ ተቃጠለ ቤት ደበደብኩት።

ፀጉሯ ተንጨባርሮ ከፈተች። «ምን ሆነሻል? ጉልበትሽስ?»

«እሱን ተይው» አልኳት። «የወንድማማቾቹ ፍርድ ዛሬ ነው፤ ወንበር ሳይያዝብን ቶሎ በይ!»