የአባት ቃልና የፕራሻ ንጉሥ

በውርስ የሚናከስ ሀበሻ ብቻ ይመስላችኋል? እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሻይ በጠጣ ቁጥር «እኛ እኮ አንስማማም፤ ፈረንጅ ቢሆን በሕግ ይጨርሰው ነበር» ይባላል። እኔም እንደዚያ ባይ ነበርኩ። የፈረንጅን አጨራረስ ያየሁት ልጄ ሶልያና ለታሪክ ትምህርቷ የኦስትሪያን ንግሥት ሆና እንድትከራከር ታዝዛ፣ ቅዳሜ ከሰዓት አለማምደኝ ስትለኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦስትሪያው ንጉሥ ወንድ ልጅ አልነበረውም። ስለዚህ በቁሙ ጎረቤቶቹን እየለመነ «ስሞት ዙፋኑ የሴት ልጄ ነው» የሚል ውል አስፈረማቸው። ፈረሙ። ሰውዬው ሞተ። አፈሩ ሳይደርቅ አዲሱ የፕራሻ ንጉሥ የአባቱን ፊርማ ረግጦ፣ ጦሩን አስከትሎ የልጅቱ አውራጃ ውስጥ ገባ። ሌሎቹም «ሴት ምን ሲደረግ!» እያሉ ተከተሉት። ስምንት ዓመት ሙሉ ስንቱ የድሃ ልጅ አለቀ! ደሜ ፈላ። «ጠረጴዛውን ምቺ! እናንተ ከሃዲዎች በያቸው!» እያልኩ ቤቱን አናጋሁት።

«ዳድ፣ ሪላክስ» አለችኝ።

ይኼኔ ስልኬ ጮኸ። እዚሁ አጠገባችን አሌክሳንድሪያ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ ነው። ስፒከር ላይ አደረግኩት።

«ስማ፣ ፍላይቴ ሐሙስ ነው። ውክልናህን ይዣለሁ፤ አገር ቤት እንደደረስኩ የአባባን ቤት ስም ወደ ሁለታችን አዞረዋለሁ። ለየሺ እንዳትነግራት።»

የሺ እህታችን ናት። ኮምቦልቻ ሆና አባታችንን ስድስት ዓመት ያስታመመቻቸው እሷ ናት፤ እኛ በስልክ «እግዜር ይማርዎት» ስንል ነበር። እሳቸውም ሳይሞቱ ሁለታችንን አስጠርተው፣ ሽማግሌ አስቀምጠው፣ ቤቱ የየሺ እንዲሆን አስፈርመውናል። ባለፈው ወር ግን ጋሼ «ሴት ናት፤ ነገ የባሏ ዘመድ ይወስደዋል» አለኝና አመንኩት። ውሸቴን ነው፤ ቤቱ አማረኝ። ውክልናውን ፈርሜ ሰጠሁት።

ሶልያና ወረቀቷን አስቀመጠች። «ዌይት፣ ዳድ... ሶ አንተ ፕራሻ ነህ?»

ጆሮዬ ድረስ ጋልኩ።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ውክልናውን ሰኞ ሄጄ እሽረዋለሁ። ቤቱ የየሺ ነው።»

«በገዛ እጅህ የፈረምከውን ልትክድ?» ብሎ ጮኸብኝ። «አታፍርም?»

ፊርማቸውን የካዱ ነገሥታትን ስረግም የዋልኩት ሰውዬ፣ ልጄ አፌን እያየች፣ «አዎ፣ እክዳለሁ!» አልኩት።